ሦስት ዓመት ከሠራሁበት ሚኒ ማርኬት በስልክ መልእክት ተባረርኩ፤ ሽማግሌ ልጠብቅ ወይስ ልክሰስ?

የማርያም_ልጅ፣ መጋቢት 22፣ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ጠያቂ ሆኜ መጣሁ።

ደብረ ብርሃን አንድ ሚኒ ማርኬት ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ልክ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ደመወዜ 4,500 ብር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት እገባለሁ፣ ማታ 2 ሰዓት እወጣለሁ፣ ለምሳ አንድ ሰዓት አለኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ጣቴ ሲደነዝዝ የማሽኑን ቁልፍ በእስክሪብቶ ጫፍ ነበር የምጫነው። የጽሑፍ ውል የለኝም። ባለቤቷ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እንዲህ ያለ ሰው ጋ ማን ውል ይጠይቃል?

ከጥምቀት በኋላ ቆጠራ ተደረገ። የእረፍት ቀኔ ስለነበር አልነበርኩም። ስገባ «11,400 ብር ጎድሏል» ተባልኩ። ቁልፍ ያለን ሦስት ነን፤ እትዬ፣ የእህቷ ልጅና እኔ። የቆጠረው ደግሞ ራሱ የእህቷ ልጅ ነው። አልወሰድኩም ብዬ ማልኩ፣ አለቀስኩ። ጥር 18 ማታ ይህ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፦ «ቁልፉን ለልጁ ስጪው። ከነገ ጀምሮ አትምጪ። የጥር ደሞዝሽ ለጉድለቱ ተይዟል።»

በማግስቱ ስሄድ ወረቀት አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ፤ ምንም የምጠይቀው ነገር የለኝም» ይላል። አልፈረምኩም። እሱን ብቻ ነው ያወቅኩበት።

እናቴ «በሽማግሌ ይለቅ» አለች። የንስሐ አባታችን ሁለት ጊዜ ሄደው አነጋገሯት። መጀመሪያ «ኪዳነ ምሕረት ትለፍና» አለች። ቀጥላ «ጾሙ ይውጣና» አለች። አሁን ደግሞ ዋሴ የሆነውን አጎቴን አስከፍለዋለሁ እያለች ነው። ምን ይሻለኛል? ብከስስስ የማገኘው ነገር አለ?


ጋሽ_በርኖስ፣ መጋቢት 22፣ ማታ 3:48

ልጄ፣ አይዞሽ። ግን አትቸኩይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የአንድ ማኅበር ሰዎች ፍርድ ቤት ከተያያዙ ጽዋው ይፈርሳል፣ እናትሽም ከሰው ትቆራረጣለች። መንዝ ውስጥ በሬ የሰረቀ ሰው እንኳ በሽማግሌ ነው የሚያልቅለት። አባን ሦስተኛ ላኪያቸው።


ቆሎ_ከደብረሲና፣ መጋቢት 22፣ ማታ 4:02

ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ ሁለት ወር በቀጠሮ አባን ጭምር አመላለሰች። እኔንም አንዱ ባለሱቅ እንዲህ አድርጎ ነው ያስቀረኝ። እህቴ፣ ያን መልእክት እንዳታጠፊው! ስልክሽን ለማንም አትስጪ፣ ፎርማት እንዳታስደርጊ። አሁኑኑ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺውና ለወንድምሽ ላኪለት።


ችሎት_ለማጅ፣ መጋቢት 23፣ ጠዋት 1:30

ፍርድ ቤት አካባቢ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም። ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስለ ውሉ። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አንቺን አይጎዳም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቃል ውልንም ይቀበላል። በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪዋ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነጥቦች ጽፋና ፈርማ ልትሰጥሽ ይገባ ነበር። ያላደረገችው እሷ ናት። ውሉ በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜ የሚባለው ደግሞ በጽሑፍ ሲሆን፣ ያውም ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። አንቺ ሦስት ዓመት አልፎሻል።

አሁን ወደ መባረሩ። ያለ ማስጠንቀቂያ ማባረር የሚቻልባቸው ምክንያቶች አንቀጽ 27 ላይ ተቆጥረዋል። ማታለል አለ፣ የአሠሪን ንብረት ያለ አግባብ መውሰድ አለ። ስለዚህ «ገንዘብ ወሰደች» ብላ ካረጋገጠች ማባረር ትችላለች። ልብ በይ፣ ካረጋገጠች ነው ያልኩት። ያልነበርሽበት ቆጠራ፣ ሦስት ሰው ቁልፍ የያዘበት ሱቅ፣ የቆጠረው ደግሞ ከሦስቱ አንዱ። ይህን ዳኛ ፊት ማስረዳት ለእሷ ቀላል አይሆንም። ሕጉ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ እንድትሰጥሽም ያስገድዳታል። መልእክቱ ስለ ደመወዝ ሲያወራ እንጂ ምክንያቱን በቅጡ ሲገልጽ አላየሁም።

እነሱ የሚያመጡትን መልስ አሁኑኑ ልንገርሽ። «አላባረርናትም፣ ራሷ ቀረች» ይላሉ። ሁሌም ነው የሚሉት። ያ መልእክት ወርቅሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። ደግሞ በመቅረት ለማባረር ቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ ከዚያም በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረት አለብሽ።


ችሎት_ለማጅ፣ መጋቢት 23፣ ጠዋት 1:52

ዋናውን ረሳሁት። ቀኑ!

ወደ ሥራ መልሱኝ የሚል ክስ ከተባረርሽ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም በጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል። ጥር 18 ከሆነ ሚያዝያ 18 ላይ ያበቃል። ዛሬ መጋቢት 23 ነው። 25 ቀን ቀርቶሻል። ሽምግልና ይርጋ አያቆምም። አባ ስንት ጊዜ ቢሄዱ፣ እትዬ ስንት ጊዜ «ጾሙ ይውጣ» ብትል ቀኑ ይሄዳል። ይርጋውን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ማመልከት ነው፤ ወይም እሷ ራሷ መብትሽን በጽሑፍ ካመነች ነው።


ባለሱቅ_ሸዋሮቢት፣ መጋቢት 23፣ ጠዋት 3:15

እኔ ደግሞ በዚያኛው ወገን ያለሁ ሰው ነኝ። ሸዋ ሮቢት ሱቅ አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሠራለሁ። ባለሱቅን ሁሉ ክፉ አታድርጉት። ካሸር 11 ሺህ ሲያጎድልብህ አንተም ትበላለህ? ዕቃ የሚመጣው በዱቤ ነው፣ ጅምላ አከፋፋዩ ጉድለት የሚል ነገር አይሰማም።

ግን እውነቱን ልናገር፤ የዚህችን ሴትዮ አካሄድ እኔም አልወደድኩትም። እኔ ከአንድ ጭቅጭቅ በኋላ የተማርኩት፦ ቆጠራ ሲኖር ካሸሩ አብሮ ይቆጥራል፣ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ማታ ማታ የማሽኑን ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ድምር)፣ ካሹን፣ ቴሌብር የገባውን አብረን እንመሳክራለን። ጎደለ? ያኔውኑ ይጻፋል። ከሦስት ወር በኋላ ድንገት «11 ሺህ ጎደለ» የሚባል ነገር የለም። ይህን ሳያደርግ የመጣ ባለሱቅ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።


የማርያም_ልጅ፣ መጋቢት 23፣ ቀን 7:40

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። 25 ቀን የሚለውን ሳነብ ክው አልኩ።

ዜድ ሪፖርቱን እኔ ነበርኩ በየማታው የምዘጋው። ደብተርም አለኝ። ባለ 50 ቅጠል ሰማያዊ ደብተር፤ በየቀኑ ካሽ ስንት፣ ቴሌብር ስንት፣ እትዬ ስንት ወሰደች የሚል። ቴሌብሩ የሚገባው በእሷ ስልክ ስለሆነ እኔ ቁጥሩን ብቻ ነበር የምጽፈው። አንዳንዱ ገጽ ላይ እሷ ራሷ ፈርማለች። ደብተሩ ቤቴ ነው። ይረዳል?

ደግሞ እትዬ ለእናቴ «እሷ ኃላፊ ነበረች፣ ተራ ሠራተኛ አይደለችም፣ ሕጉ አይመለከታትም» ብላታለች። ይኼ ምንድን ነው?


ችሎት_ለማጅ፣ መጋቢት 23፣ ቀን 9:05

ደብተሩ ይረዳል ወይ?! እህቴ፣ ደብተሩን ፌስታል ውስጥ አድርገሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ኦሪጅናሉን ያዢ።

«ኃላፊ» የሚለው ብልጠት ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን እንደማይመለከት እውነት ነው። የሥራ መሪ የሚባለው ግን ፖሊሲ የሚያወጣ፣ የሚቀጥር፣ የሚያዛውር፣ የሚቀጣ ሰው ነው። አንቺ ማንን ቀጠርሽ? ማንን ቀጣሽ? ቁልፍ መያዝ ሥራ መሪ አያደርግም።


ቆሎ_ከደብረሲና፣ መጋቢት 23፣ ቀን 9:30

እስቲ ብሩን አስሉላት። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው የሚያገኘውን ስለማያውቅ ነው። እኔ 2,000 ብር ተሰጥቶኝ «ሒሳቤን ሁሉ ተቀብያለሁ» ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። ስንት ይገባኝ እንደነበር የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። ከሸንኮራ አንድ ልጅ ነገረኝ፤ ሌሊቱን አልተኛሁም።


ችሎት_ለማጅ፣ መጋቢት 23፣ ማታ 2:20

ቆሎ፣ ያንተ ፊርማ እንኳ እንደምታስበው አልነበረም። ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም ሕጋዊ ውጤት የለውም። ያለፈብህ ግን ጊዜው ነው። የደመወዝና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል።

እሺ፣ ስሌት። ለቅለት 4,500ን በ30 ላካፍል፤ በቀን 150 ብር። መባረሩ ሕገ ወጥ ነው ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሰች እንዲህ ይሆናል።

ካሳ የቀን ደመወዝ በ180፣ 27,000 ብር። ይህ አንቀጽ 43 ላይ ነው። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ለሠራ 2 ወር ስለሆነ 9,000። የስንብት ክፍያ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፤ ሦስት ዓመት ሲሆን 50 ቀን፣ 7,500። የተያዘባት የጥር ወር የ18 ቀን ደመወዝ 2,700። ድምሩ 46,200 ብር።

ያልወጣ የዓመት ፈቃድ ካለም ወደ ገንዘብ ይለወጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ሥራ ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ ነበረበት። ስላዘገየች ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርባት ይችላል።

ትርፍ ሰዓቱም አለ። ሕጉ በቀን 8 ሰዓት ነው የሚለው። ምሳን ቀንሰን በቀን 3 ሰዓት ትርፍ ሠርታለች። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ባለው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ በቀን 84 ብር ገደማ። ግን የምትጠይቀው ያለፉትን 6 ወራት ብቻ ነው፤ ማስረጃም ይፈልጋል። እዚህ ጋ የማሽኑ ሪፖርት የተዘጋበት ሰዓት ይጠቅማታል።

ይህ ሁሉ «ሊሆን የሚችል» ነው እንጂ ኪስ የገባ አይደለም። ዳኛው ጉድለቱን ካመነ ካሳው ይቀራል።


ጋሽ_በርኖስ፣ መጋቢት 23፣ ማታ 2:45

46 ሺህ! እኔ ትንሽ ብር ይመስለኝ ነበር የሚከፈለው። ይህን ካወቀች ለምን ትሸፋፍናለች ታዲያ ሴትዮዋ? ያም ሆኖ፣ ወደ ሥራ መመለስ ካልፈለገች እኮ 6 ወር አላት ብለሃል። ለምን 25 ቀን እያልክ ታስደነግጣታለህ?


ችሎት_ለማጅ፣ መጋቢት 23፣ ማታ 3:01

ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያዙኝ። ገንዘብ ብቻ ከሆነ የምትጠይቀው 6 ወሩ እውነት ነው፤ እስከ ሐምሌ 18 መሆኑ ነው። እኔ ግን በ3 ወሩ ውስጥ ግቢ የምለው ሁለቱንም በር ክፍት ለማድረግ ነው። «ወደ ሥራ ልመለስ፣ ካልሆነም ካሳው ይከፈለኝ» ብላ በአማራጭ ትጠይቃለች። በሦስተኛው ወር ማግስት አንዱ በር ተዘጋ ማለት ነው። ደግሞ ሰዉ 6 ወር አለኝ ሲል ስድስተኛው ወር ላይ ነው ከእንቅልፉ የሚነቃው። ስንቱን አይቻለሁ።

ሽምግልናውን አልተቃወምኩም። ክሱን አስገብታ ትሸምግል። በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ አባቶች፤ ባለሱቅም መጥሪያ ሲደርሳት ትቆማለች። ከክስ በኋላ የተደረገ ስምምነትም ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይጸድቃል።


የማርያም_ልጅ፣ መጋቢት 24፣ ጠዋት 2:10

እናቴን ይህን አነበብኩላት። «በጽሑፍ ያላመነችን ሰው ምን ትጠብቂያለሽ» አለችኝ። ራሷ! ስለ ዋሱ ግን ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። አጎቴ ያኔ የፈረመው «ለሚደርሰው ማንኛውም ጉዳት ኃላፊ ነኝ» ይላል። የብር መጠን የለውም። አጎቴ በሬ አርሶ የሚበላ ሰው ነው፤ ጫጫ በኩል ነው ያለው።


ችሎት_ለማጅ፣ መጋቢት 24፣ ጠዋት 2:55

አጎትሽ ይተኛ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል አይጸናም። ቅጂውን ግን አግኚና አይቼው ልናገር፤ ትንሽ ቁጥር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ጋ ብትከስሽ ደግሞ ስትጠሪ ሂጂ፣ ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ።

ጉድለቱን ከደመወዝ ስለመያዟ፦ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በጽሑፍ ስምምነትሽ ካልሆነ መቁረጥ አትችልም። ያን ጊዜም ቢሆን ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። እሷ ሙሉውን ነው የወሰደችው።


ሽሮ_ሜዳ_አልሄድም፣ መጋቢት 24፣ ቀን 6:20

ከርእሱ ወጣ ልበልና፣ አጣዬ አካባቢ አንድ ልብስ ቤት ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ 5 ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ሆድሽ ገፍቶ ደንበኛ ይጠላል» ብለው ሊያስቀሯት ነው። ይቻላል?


ችሎት_ለማጅ፣ መጋቢት 24፣ ቀን 6:41

በእርግዝና ምክንያት ማባረር ክልክል ነው። ከወለደችም እስከ 4 ወር ድረስ ጥበቃ አላት። ፈቃዷም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ነው። ያንን ያሉበትን ቀን ትጻፍ። አዲስ ክር ክፈቺለት እባክሽ፣ ይህ ተደባለቀ።


ባለሱቅ_ሸዋሮቢት፣ መጋቢት 24፣ ቀን 8:00

የማርያም ልጅ፣ አንድ ነገር ከባለሱቅ። ማንን እንደምትከሺ እወቂ። ሰሌዳው ላይ ያለው ስምና ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ሱቁ የእትዬ ቢመስልሽም ፈቃዱ በባሏ ስም ሊሆን ይችላል። የማሽኑን ደረሰኝ ከላይ እይው፤ የነጋዴው ስምና የግብር ከፋይ ቁጥሩ እዚያ አለ። አንድ ደረሰኝ ከወረቀቶችሽ ውስጥ አይጠፋም። ስሙ ከተሳሳተ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ስም ስትጨቃጨቁ ነው የምትውሉት።


ቆሎ_ከደብረሲና፣ መጋቢት 24፣ ቀን 8:12

ባለሱቅ፣ አንተ እኮ የእኛ ሰላይ ሆንክ 😂


ችሎት_ለማጅ፣ መጋቢት 24፣ ቀን 8:30

እውነቱን ነው፣ ይህን እኔ ረስቼው ነበር።

አካሄዱ ይህ ነው። ክሱ ለወረዳ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለውም፤ «ክፈይ» ካሉሽ ሕጉን ጠቅሰሽ ጠይቂ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉት ጸሐፊዎች አቤቱታ ይጽፉልሻል፤ ግን ነገሩን እንዳያጋንኑብሽ ራስሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ማስረጃሽን ዘርዝሪ፤ መልእክቱ፣ ደብተሩ፣ ምስክር። ገጹን ቁጠሪ፣ ለተከሳሽ ኮፒ አድርጊ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለው ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዳላቸው ሄደሽ ጠይቂ። ሕጉ በ60 ቀን ውሳኔ ይሰጥ ይላል፤ ቀጠሮ ሲበዛ ይረዝማል፣ ስንቅሽን ያዢ።


የማርያም_ልጅ፣ ሚያዝያ 2፣ ማታ 1:35

ዛሬ አስገባሁ። ደረሰኙን አልጋ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ አገኘሁት፤ ፈቃዱ እውነትም በባሏ ስም ነው! ባለሱቅ፣ እግዜር ይስጥህ። መዝገቡ ተከፈተ፣ ቁጥር ተሰጠኝ። ጸሐፊው ልክ «በጭካኔ ወደ ጎዳና ወረወረችኝ» ብሎ ሊጽፍ ሲል አስቆምኩት። እናቴ ቤት ነው የማድረው አልኩት።


ጋሽ_በርኖስ፣ ሚያዝያ 2፣ ማታ 2:00

ጎበዝ ልጄ። አባን ግን አትርሺያቸው።


የማርያም_ልጅ፣ ሚያዝያ 19፣ ማታ 2:50

መጥሪያው በደረሳት በሁለተኛው ቀን እትዬ ራሷ ለእናቴ ደወለች። «ለምን ፍርድ ቤት ድረስ፣ ቤተሰብ አይደለንም ወይ» ነው የምትለው። አሁን አባን የለመነችው እሷ ናት። የጥር ደመወዜንና 25,000 ብር ልትሰጥ፣ የጉድለቱንም ነገር ልትተወው ተስማማች። እኔ 30 ብያለሁ። ነገ ይገናኛሉ።


ችሎት_ለማጅ፣ ሚያዝያ 19፣ ማታ 3:10

የተስማማችሁትን በጽሑፍ፣ ብሩ የሚከፈልበት ቀን ተጠቅሶ፣ ለችሎቱ አቅርቡት። መዝገቡን ዝም ብለሽ እንዳታዘጊ። የሥራ ልምድ ወረቀትም በነፃ መስጠት ግዴታዋ ነው፤ የሠራሽውን ሥራ፣ ዘመኑንና ደመወዙን መያዝ አለበት። እሱም ስምምነቱ ውስጥ ይግባ።


የማርያም_ልጅ፣ ሚያዝያ 24፣ ቀን 5:15

በ28,000 ተስማማን፣ ረቡዕ ችሎት እናቀርባለን። የሥራ ልምዱን አስቀድማ በእህቷ ልጅ እጅ ላከችልኝ። ሦስት ዓመት ማሽን ላይ ተቀምጬ «ካሸር» በሚለው ፈንታ «የጽዳትና እቃ ደርዳሪ ረዳት» ብላ ጽፋለች። በዚያው ልጅ እጅ መለስኩላት።